ቀለም ብቻ ነው

ክሩ በወረንጦዋ ጫፍ ላይ ተበጠሰ። ሸረሪት «ኤጭ!» አለችና የጠፋባትን ጫፍ ፍለጋ ወደ ገንዳው ጎንበስ አለች። ገንዳ ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ከዳቦ መጋገሪያ ትሪ የማይበልጥ፣ ጨዋማ ውሃ የተሞላ ጠፍጣፋ የመስታወት ዕቃ ነው። በአንደኛው ጫፍ ከቀጭን መርፌ የኮላጅን ዝልግልግ ይገባል፤ ውሃው ሲነካው ይረጋና ክር ይሆናል፤ በሌላኛው ጫፍ ቀስ ብላ የምትዞር እንዝርት ክሩን ትጠመጥመዋለች። ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ትንፋሽ ይበጥሰዋል። የተናደደ እጅማ ገና ሳይነካው።

ሸረሪት የሚለውን ስም ያወጣላት ባሏ ነበር፤ ያኔ ባሏ ሳለ። አሁን የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው። ትዳሩ ሄደ፤ ስሙ ቀረላት፤ ከጥበቃው እስከ ሒሳብ ክፍሉ ሁሉም በዚያ ይጠራታል።

ሥራው ለሚያውቀው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ኮላጅን ቆዳንና ጅማትን አጽንቶ የሚይዘው ነገር ነው፤ እሷ ከቄራ ከሚመጣላት የበሬ ጅማት አጣርታ ታወጣዋለች። ከዚያ ትፈትለዋለች፤ ከክሩም ድር ትሠራለች። ድሩ ላይ ከሰው ቆዳ የተወሰዱ ሴሎች ይዘራሉ። ግንበኛ መወጣጫ እንጨት ላይ ቆሞ ግድግዳውን እንደሚያነሳ፣ ሴሎቹም ድሩ ላይ ተንጠላጥለው ቆዳ ይሠራሉ። መወጣጫው ከጸና ቆዳ ይወጣል። ከላላ ግን ሴሎቹ ራሳቸው እየጎተቱ ያፈርሱታል።

የሚያጸናው ደግሞ ሰማያዊው ውሃ ነው። ሩቅ አገር ስትማር፣ በረዶ በመስኮቱ ቁልቁል ሲወርድ እያየች ስንት ክረምት የፈጀችው በእሱ ነበር። ከአንድ ተክል ፍሬ የሚወጣ ዱቄት አለ። ድሩ ዱቄቱ በሟሟበት ውሃ ሲዘፈዘፍ ክሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ እየተያያዙ ሲሄዱም ቀስ በቀስ ሰማያዊ ይሆናሉ። መጀመሪያ እንደ ጭስ፣ ቀጥሎ እንደ ማታ ሰማይ። በጎች ቁስል ላይ ተሞክሮ የያዘው ይኸው ሰማያዊ ድር ነበር።

ባሏ ቀድሟት ነበር የተመለሰው። «ነይ እንጂ» ይላት ነበር በስልክ፤ «በሰው አገር መስኮት በረዶ ስታዪ ልታረጂ ነው? እዚህ የራሳችን ነገር እንሠራለን።» መጣች። የራሳችን የተባለው ነገር ታትሞ ሲወጣ ግን የእሱ ብቻ ሆኖ ወጣ። የእሷ ስም መጨረሻ ላይ፣ ቄራውን ካመሰገነበት መስመር በታች፣ «ለእጅ ሥራ ትብብሯ» ተብሎ ሰፈረ። ሰማያዊው ውሃም ከጽሑፉ ወጥቶ ነበር።

«ለምን አወጣኸው?» አለችው ያኔ።

«ፎቶው ላይ ሬሳ ነው የሚመስለው። ሰው ቆዳ ሲባል ሰማያዊ ማየት አይፈልግም።»

«የሚይዘው እኮ እሱ ነው።»

«ሲደርቅ ራሱ ይይዛል። ያኛው ቀለም ብቻ ነው። ደግሞ ጀመርሽ!»

ከዚያ ወዲህ አልጀመረችም። ከሌሎች አገሮች «እንደጻፋችሁት ሠራን፤ አልያዘልንም» የሚሉ ደብዳቤዎች ሲመጡ እሱ «እጅ የላቸውም» እያለ ይስቃል፤ እሷ ጎንበስ ብላ ትፈትላለች።

ዛሬ ግን ቀኗ ነበር። ለቤተ ሙከራው ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። አዳራሹ መሃል ሁለት የብረት መንጋጋ ያለው መጎተቻ ማሽን አለ፤ ያደገው ቆዳ በመንጋጋዎቹ መሃል ይታሰርና ኃላፊው ራሱ ቁልፉን ተጭኖ፣ ተጎትቶ አለመበጠሱን ያሳያል። ቆዳውን እንድታዘጋጅ የታዘዘችው እሷ ነች። አዘጋጀች። እሱ እንደጻፈው፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ። እንደ ወተት የነጣ፣ ሲያዩት የሚያምር ቆዳ ወጣላት። ማሽኑ ገና ሲነካው እንደ ረጠበ ወረቀት እንደሚሆን እጇ ያውቀዋል።

ያኔ እሷ ቆዳው የሚያድግበትን ማሞቂያ ሳጥን ትከፍታለች። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጠርሙሶቹ ጀርባ፣ ከእነዚያው ሴሎች ለብቻዋ ያሳደገችው ሰማያዊ ቆዳ አለ። መንጋጋው ላይ ታስረዋለች፤ ይጎተታል፤ አይበጠስም። «ቀለም ብቻ ነው» ትላለች ለእንግዶቹ። ሌላ ቃል አያስፈልግም። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መስታወት ፊት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ አትክልት እየከተፈች ስትለማመዳት ሰንብታለች። አንዳንዴ ይሄ በቀል ነው ወይ ብላ ራሷን ትጠይቃለች። ሰውዬው የጻፈውን መፈጸም ምን በቀል አለው? ደስታው ግን ሌላ ደስታ አልነበረም፤ የበቀል ደስታ ነበር። እዚያ ላይ ራሷን አታታልልም።

የተበጠሰውን ጫፍ እንዳገኘችው በሩ ተከፈተ።

«አሁንም ትፈትያለሽ?» አለ ኃላፊው። ነጭ ጋዋኑን ከአዲስ ሙሉ ልብስ ላይ ደርቦ ከረባቱን በግድግዳው መስታወት ያስተካክላል።

«ሸረሪት አይደለሁ? ምን ልሥራ?»

«ነጩን አውጪው። ፕሮግራሙ ተቀይሯል።»

«ማሽኑን እኮ አስተካክዬዋለሁ።»

«ማሽኑን ተይው። ብረት ቆዳ ሲጎትት አይቶ ማን ልቡ ይነካል? ሰው ነው የምናሳያቸው። ፈቃዱ ትናንት ተፈረመ። እንዳይወራ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። በጎቹ ላይ የሰፋችው ሐኪም መጥታ እግር ላይ ትሰፋዋለች፤ እነሱ በመዘጋጃው ክፍል የመስታወት ግድግዳ በኩል ያያሉ።»

ሸረሪት እንዝርቷን አቆመች። «የማን እግር ላይ?»

«የእማዬ። ሴሎቹ የሷ አይደሉ? ለማን ሊሆኑ ኖሯል?»

ሴሎቹ የማን እንደሆኑ ታውቃለች። ከእናቱ ጭን ትንሽ ቆዳ ሲወሰድ «ለሙከራ ነው» ብሎ ነበር።

«እማማ መጥተዋል?»

«በር ላይ ነች፤ ከሾፌሩ ጋር እየተጣላች። አስቢው እስቲ፤ ልጅ የእናቱን እግር ሲያድን! ይሄንን ማን ይረሳዋል?»

«ነጩ ግን...» አለች።

«ነጩ ምን?»

አየችው። ዓይኑ መስታወቱ ላይ ነው፤ ከረባቱ ወደ ግራ ሄዶበታል። ብትነግረው ይሰማ ይሆናል። ከሰማ ደግሞ ነገ «አሻሽዬዋለሁ» ብሎ ሰማያዊውን በራሱ ስም ያወጣዋል፤ የእሷ ስም ተመልሶ ከቄራው በታች ይሆናል። ካልነገረችው ነጩ እግራቸው ላይ ይሰፋል፤ ቀናት ሳይቆይ ይሟሟል፤ ቁስሉም ይብስበታል። የእሱ ውርደት ያኔ በማሽን አይደለም፤ በገዛ እናቱ እግር ነው። ከዚህ የከፋ ምን ልታገኝለት ትችላለች? ሐሳቡ ደስ አሰኛት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች።

«ምንም» አለች።

እማማን የተቀበለቻቸው በመዘጋጃው ክፍል ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የአንዲት ነርስ ጫማ ያያሉ፤ ያልወደዱት ይመስላል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ሲያዩዋት። «የድሮ ምራቴ! ከሳሽ እኮ። ልጄን ከፈታሽው ወዲህ የሚያጎርስሽ ጠፋ?»

«እሱ ነው የፈታኝ እማማ። እንደምን ዋሉ?»

«ያው ነው፤ መፋታት በአንድ እጅ አይሆንም። እንዴት እውላለሁ? ያ ሾፌር መኪናውን እንደ ጋሪ ነው የሚነዳው። ቀስ በል ስለው 'ሰዓት የለንም' ይለኛል። ቁስሌ እንደሆነ የትም አይሄድ፤ ምን አስቸኮለው?»

ሸረሪት ተንበርክካ ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ያለው ቁስል ሰፍቷል፤ ዳር ዳሩ ገርጥቷል።

«ስኳሩ ነው አይደል?»

«ስኳሩ ነው። እኔ እኮ ስኳር ወድጄ አላውቅም። እሱ ነው እኔን የወደደኝ።»

ሳታስበው ሳቀች። እማማም ሳቁ፤ ፋሻው ሲላቀቅ ግን ሳቃቸው መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ሆስፒታል ምን አሉዎት?»

«ይቆረጥ አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ፣ ጥፍር ይመስል። ልጄ ነው እምቢ ያለ፤ 'እኔ እያለሁ የእናቴ እግር አይቆረጥም' ብሎ። እንዲያ ሲናገር ብታዪው!» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ያን ጊዜ ክፉ ተናግሬሻለሁ።»

ያን ጊዜ የሚሉት ዕቃዋን ጭና የወጣችበትን ቀን ነው። በረንዳው ላይ ቆመው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «በባሏ ስም የምትቀና ሚስት አይቼ አላውቅም! ምቀኛ!» ብለዋት ነበር።

«ረስቼዋለሁ እማማ።»

«ውሸታም። እኔ ብሆን አልረሳም።» እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ፤ ለመደገፍ ይሁን ለሌላ አይታወቅም። «ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። የእህቱን እርሳስ ይወስድና 'የኔ ነው' ብሎ ድርቅ ይላል። እሷ ስታለቅስ እሱም አብሮ ያለቅሳል፤ የሱ መሆኑን ከልቡ አምኖ! ያኔ እገርፈው ነበር። አሁን እጄ አይደርስም።»

ሸረሪት አዲስ ጨርቅ አረጠበችና ቁስሉን ዙሪያውን ማጽዳት ቀጠለች።

«ያ ነጩ ነገር» አሉ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ይይዛል?»

«እሱ ምን አለዎት?»

«እሱማ ይይዛል አለ። እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።»

«ሐኪሟ ጥሩ እጅ አላት እማማ።»

«ስለ እጇ ጠየቅሁሽ?»

በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ገባች፤ ኃላፊው ከኋላዋ። ከመስታወቱ ማዶ እንግዶቹ ወንበር እየሳቡ ነው፤ አንዱ ካሜራ ያቆማል። ኃላፊው ነጩ ቆዳ ያለበትን ሳህን ራሱ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ሐኪሟ ጓንቷን እያጠለቀች ሳህኑን አየች፤ ጎንበስ ብላም ደገመች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆዳው ነዋ!» አለ ኃላፊው።

«እኔ በጎቹ ላይ የሰፋሁት ሰማያዊ ነበር።»

«አሻሻልነው። ቀለም ብቻ ነው የወጣለት።» ወደ ሸረሪት ዞረ። «ንገሪያት እንጂ። ቀለም ብቻ አይደለም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «አዎ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ጥያቄውን ራሱ አበጅቶ፣ መልሱንም ራሱ አብስሎ ነው ያቀረበላት። የሚሆነው ሁሉ ከዚያ ወዲያ የእሱ ነው፤ ማንም እሷን አይጠይቅም። ትከሻዋ ላይ ግን የእማማ እጅ አሁንም አልተነሳም፤ ከባድ፣ ሙቅ እጅ። አንድ ጊዜ ምቀኛ ብሎ ጣቱን የቀሰረባት እጅ።

«የበጎቹ ዓይነትም አለ» አለች። «የተሞከረው እሱ ስለሆነ እሱ ይሻላል።»

«የት አለ?» አለች ሐኪሟ።

ሸረሪት ተነሳች። ወደ ማሞቂያ ሳጥኑ ሄዳ ጠርሙሶቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ታችኛውን ሳህን አወጣች። ለሐኪሟ ስታስረክበው እጇ ትንሽ ዘገየ። ያላት ሰማያዊ ቆዳ ያ ብቻ ነው። ሌላ ለማሳደግ ወራት ይፈጃል፤ ዛሬ ለእንግዶቹ የምታሳየው ነገር አበቃ።

ኃላፊው ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ሳባት። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከታችኛው መደርደሪያ።»

«ተደብቀሽ ትሠሪያለሽ? ደግሞ ካሜራ ፊት! የሬሳ እግር እኮ ነው የሚመስለው!»

«ምን አገባህ አንተ?» አሉ እማማ ከአልጋው። «እግሬ እንጂ ሰርግ አይደለም። ሰማያዊም ይሁን ዥንጉርጉር፣ ስፉኝና ልሂድ። ያ ሾፌር ደግሞ ትቶኝ ይሄዳል።»

ሐኪሟ ሰማያዊውን ቆዳ በወረንጦ አነሳችው። አልተንጠባጠበም፣ አልተሸበሸበም። የመጀመሪያውን ስፌት አሳልፋ ሳብ አደረገችው፤ ያዘ። ሸረሪት በየስፌቱ አንድ ነገር ከውስጧ እየተመዘዘ ሲሄድ ተሰማት፤ አልከለከለችውም። ሐኪሟ ስትጨርስ «እንዲህ ነው እንጂ» አለች፤ ለማን እንዳለችው ግን አልታወቀም።

አዳራሹ ውስጥ እንግዶቹ ለይሉኝታ ያህል አጨበጨቡ። ከመካከላቸው ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሰው «እግሩ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ተመርዞ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጥቂቶቹ ሳቁ።

ኃላፊው ጆሮው ቀላ። «እሱ የድሮው ዓይነት ነው» አለ። «ለእናቴ ስል ነው ጥንቃቄ ያበዛሁት፤ ልጅ ነኝና። የተሻሻለው ነጩ ነው። እንዲያውም አሁኑኑ ማሽኑ ላይ ላሳያችሁ።» ከዚያም ጮክ ብሎ፣ «ሸረሪት! ነጩን አምጪና እሰሪልኝ።»

ሸረሪት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህንን ያመጣችው እሷ አይደለችም። ማሽኑን ለመተው የወሰነው እሱ፣ አሁን በገዛ እግሩ ወደ ማሽኑ የሚሄደውም እሱ ነው። እማማ ከመስታወቱ ማዶ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተጋድመዋል፤ ሰማያዊው ከዚህም ይታያል።

ነጩን ይዛ መጣች። ስትራመድ አሰበች። የሚያነጻጽሩበት ሰማያዊ ከእንግዲህ የለም። ይሄ ሲበጠስ «እጇ ነው ያበላሸው» ሊል ይችላል፤ ይላልም። ከራሷ በቀር የሚያምናት አይኖርም። አሁን በጆሮው ብትነግረው ይድናል፤ ከረባቱን አስተካክሎ «ለዛሬ ይብቃን» ይላቸዋል። ምናልባት ማታ ስልክ ደውሎ ያመሰግናታል። ምናልባት። ይህችን ምናልባት ሩቅ አገር ሳለችም፣ ከተመለሰችም በኋላ፣ ስትመግባት ኖራለች።

የቆዳውን አንድ ጫፍ በላይኛው መንጋጋ መሃል አስገባች።

«ፕሮፌሰር» አለች። ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ ነው የምትለው፤ እንግዶቹ ፊት ግን ድምፅዋ እንደ ታማኝ ሠራተኛ ለስልሶ ወጣ። «ማን እንደሠራው ለእንግዶቹ ቢነግሩልኝ። እኔ አሳሪ ብቻ ነኝ፤ ኋላ በስህተት የኔ እንዳይመስላቸው።»

ፊቱ በራ። ሲፈራት የነበረውን ነገር ራሷ አንስታ በእጁ የሰጠችው መሰለው። «መልካም!» አለ፤ ወደ ካሜራው ዞረ። «ይህ ቆዳ ባሳተምኩት ዘዴ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኔ መሪነት የተሠራ ነው። እሷ እጅ ናት፤ ጥሩ እጅ፤ ዘዴው ግን የኔ ነው። አይደለም?»

«እንደጻፉት ነው» አለች። «ምንም አልተጨመረበትም።»

«ጎበዝ!»

ሌላኛውን ጫፍ በታችኛው መንጋጋ አስገብታ የመንጋጋውን ጠመዝማዛ ብሎን ማጥበቅ ያዘች። ቀስ ብላ ነው ያጠበቀችው። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቀኝ ብላ ወሰነች፤ እንዴት እንደተሠራ፣ ምን እንደነካው፣ ምንም ይሁን፤ አንዲት ጥያቄ ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። ጠመዝማዛው አልዞር እስኪል አጠበቀችው። አልጠየቃትም።

ቀና አለች። «ከመጫንዎ በፊት የሚጠይቁኝ ነገር አለ?»

ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። ዘወር ብሎ አያት፤ ትንሽ ያሰበ መሰለ።

«አዎ» አለ። «ካሜራው ፊት ቆመሻል። ዞር በይልኝ።»

ሸረሪት ዞር አለች። እንግዶቹ ነጩን ቆዳ በቅርብ ለማየት ወደ ማሽኑ ተጠጉ። እሷ ግን በጀርባቸው አልፋ፣ ከማሽኑ ማዶ፣ የኃላፊው ፊት በደንብ ከሚታይበት ቦታ ሄዳ ቆመች።